አንድ ሳጥን ለስድስት ቤት

(ረፋድ ላይ፣ ወይራ ውሃ በምትባል የጎጃም መንደር፤ ሹፌሩ ደባልቄ ጎማና እጀታ ያለው ሳጥን ይዞ በወይዘሮ የውብዳር ጓሮ፣ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያው ሽንት ቤት ፊት ቆሟል፤ እሳቸው በሩን በጀርባቸው ከልለዋል።)

የውብዳር፦ አይከፈትም ብያለሁ አይከፈትም! ስንቴ ልበልህ?

ደባልቄ፦ እትዬ፣ አንዴ ብቻ። ገልበጥ አድርጌ፣ ለቅለቅ አድርጌ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ውልቅ ነው።

የውብዳር፦ ሰው የራሱን ይዞ ቢመጣ እንኳ ቸገረው፣ አጣደፈው ይባላል። የሌላ ሰው በሻንጣ ይዞ የሚለምን ግን ዛሬ ገና አየሁ።

ደባልቄ፦ ሻንጣ አይደለም፤ የመኪናዋ ነው። እኔ ሹፌሯ ደባልቄ ነኝ። ያቺ መንገድ ዳር የቆመችው ነጭ መኪና ቤት ናት። አልጋ አላት፣ ምድጃ አላት፣ ሽንት ቤት አላት። ሲሞላ ይህ ሳጥን ከጎኗ እንደ መሳቢያ ይሳባል።

የውብዳር፦ ከሚተኙበትና ከሚያበስሉበት ጋር?

ደባልቄ፦ በመሀል በር አለው።

የውብዳር፦ በር! እኛን ከቤት አርቃችሁ ቆፍሩ እያሉ ያስተምሩናል፤ ለካ እነሱ ራስጌያቸው አድርገውት ነው አገር ላገር የሚዞሩት።

ደባልቄ፦ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሆላንዶች፣ ሽማግሎች። አሁን ወፍ ሊያዩ ጫካ ገብተዋል። ስድስት ሰዓት ላይ ሲመለሱ ይህ ሳጥን ባዶ ሆኖ ቦታው መግባት አለበት። ቀይ መብራቱ ከትናንት ማታ ጀምሮ እየበራ ነው።

የውብዳር፦ ምን ልበል ብሎ ነው የሚበራው?

ደባልቄ፦ ሞላሁ ሊል ነዋ።

የውብዳር፦ ለሁለት ሽማግሌ እንዲህ በአንድ ጊዜ?

ደባልቄ፦ ሴትዮዋ አዋዜውን የቲማቲም ስልስ መስሏት በማንኪያ በላችው።

የውብዳር፦ ውይ፣ የኔ እናት! ውሃ አላላችም?

ደባልቄ፦ ውሃ ብላ፣ ወተት ብላ፣ መጨረሻ ላይ እናቷን ጠራች።

የውብዳር፦ አሳዘነችኝ። ግን እሷን ብታሳዝነኝም በሬን አልከፍትም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ያ ሁሉ ሜዳ እያለ እኔ ጋ ምን አመጣህ?

ደባልቄ፦ ሜዳ? እርስዎ ነዎት ሜዳ የሚሉት? የግቢዎ በር ላይ «ሞዴል ቤተሰብ» የሚል ተለጥፎ አንብቤ እኮ ነው የገባሁት።

የውብዳር፦ እ... ለሳጥን አልኩ እንጂ ለሰው አላልኩም።

ደባልቄ፦ ሜዳ ላይ ጠብ እንዳላደርግ ፈርሜላቸዋለሁ። ሲቀጥሩኝ «በየከተማው የዚህ ማስወገጃ አለ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ሞልቶ!» አልኩ።

የውብዳር፦ ዋሸህ።

ደባልቄ፦ ሥራ ፈትቼ ስድስት ወር ቤት ተቀምጬ ነበር እትዬ። ያኔ በጨረቃ ላይም አለ ወይ ቢሉኝ አለ እል ነበር።

የውብዳር፦ እስካሁንስ አልሞላም ነበር?

ደባልቄ፦ ይህ አራተኛው ነው።

የውብዳር፦ ሦስቱን የት አደረስካቸው? ንገረኝ እስቲ፤ ሰው ያደረገውን ባውቅ ልቤ ይራራ ይሆናል።

ደባልቄ፦ የመጀመሪያውን አንድ የአበባ እርሻ ወሰድኩት። «ማዳበሪያ ነው፣ በነፃ ውሰዱ» አልኩ። ዘበኛው ቆፍጠን ብሎ «ደብዳቤ አለህ?» አለኝ። «የምን ደብዳቤ?» ብለው፣ «ከየት እንደወጣ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት።»

የውብዳር፦ ከየት እንደወጣማ ማንም ያውቀዋል።

ደባልቄ፦ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። ተቆጣ። ሻይ ሊጠጣ ዘወር ሲልልኝ ጽጌረዳው ሥር አፈሰስኩና እግሬ አውጪኝ አልኩ።

የውብዳር፦ ሁለተኛውስ?

ደባልቄ፦ ባሕር ዛፍ ሥር ጉድጓድ ቆፍሬ ልቀብረው ስል ሁለት ሚሊሻዎች ደረሱብኝ። ምን እየቀበርክ ነው? እንዲህ ነው አልኳቸው፤ አላመኑም። ወርቅ ነው ወይም ሰው ነው ብለው ድርቅ! «በሕግ ስም ክፈት!» አሉኝ።

የውብዳር፦ ከፈትክ?

ደባልቄ፦ በሕግ ስም ከፈትኩ። አንደኛው እስካሁን የሚሮጥ ይመስለኛል። ሌላው ግን ጨዋ ነበር፤ አፍንጫውን ይዞ ቆሞ አስጨረሰኝ።

የውብዳር፦ ሆሆሆይ! ሦስተኛውን ደግሞ አሁኑኑ ንገረኝ።

ደባልቄ፦ ሦስተኛው አይነገርም።

የውብዳር፦ እንግዲያው አይከፈትም።

ደባልቄ፦ እሺ። መናኸሪያ ውስጥ የሕዝብ ሽንት ቤት አለ አሉኝ። ቁልፉ ከማን ዘንድ እንዳለ ልጠይቅ ብዬ ሳጥኑን መሬት አስቀምጬ ዞር አልኩ። ስመለስ የለም! ወዛደሮቹ ጎማና እጀታ ሲያዩ የመንገደኛ ዕቃ መስሏቸው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭነውታል። የሞጣ አውቶቡስ። ያውም ወጥቷል።

የውብዳር፦ በስመ አብ!

ደባልቄ፦ በዚያች ቤት በሆነች መኪና አባረርኩት። ሳህኑ ይንኳኳል፣ ፈረንጁ ከኋላ ይጮኻል፣ እኔ ጥሩምባ እነፋለሁ። ስደርስበትና ሳስወርደው ባዶ ነው።

የውብዳር፦ ማን ገለበጠው?

ደባልቄ፦ ማንም። መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ክዳኑን ደግሞ አላጠበቅሁትም። መስኮት አጠገብ የተቀመጡ አንዲት ሴት ብቻ «ያለ ወሩ ምን ዝናብ ነው?» ሲሉ ነበር አሉ።

የውብዳር፦ ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል! ደግሞ ይህን ያደረገ ሰው የኔን በር ያስከፍታል? ሂድ ወዲያ!

ደባልቄ፦ እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሃያ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ፤ የማውቀው ነገር ቢኖር መንገድ ነው። ከቤትዎ ወደዚህ ሽንት ቤት የሚያመጣው መንገድ ላይ ሣር በቅሎበታል። ወደዚያ ወደ ቁልቋሉ የሚወስደው ግን አስፋልት ሆኗል።

የውብዳር፦ ከብት ነው የሚሄድበት።

ደባልቄ፦ ከብቱ የፕላስቲክ ጆግ ይዞ ነው የሚሄደው?

የውብዳር፦ የምን ጆግ?

ደባልቄ፦ ያው፣ ቁልቋሉ ላይ ተሰቅሏል። አረንጓዴው።

የውብዳር፦ ድምፅህን ቀንስ አንተ ሰው!

ደባልቄ፦ ደግሞ ከጀርባዎ፣ ከውስጥ ዶሮ ይሰማኛል።

የውብዳር፦ ታቅፋ ነው። ሰው ሲያወራ አትወድም።

ደባልቄ፦ ሽንት ቤት ውስጥ?

የውብዳር፦ ምን አለበት? ንጹሕ ነው። ሰው ገብቶበት አያውቅም።

ደባልቄ፦ ዶሮ ብቻ ናት?

የውብዳር፦ ...ሦስት ጆንያ ጤፍም አለ። አይጥ አይገባበት፣ ዝናብ አይገባበት። የቤቴ ጣሪያ ሣር ነው፣ የሱ ቆርቆሮ። አንተ ብትሆን የት ታኖረው ነበር?

ደባልቄ፦ እና «ሞዴል ቤተሰብ» የሚለው?

የውብዳር፦ እሱ ሲሠራ የተለጠፈ ነው። ገብታችሁ ወጥታችሁ አሳዩን ያለ የለም፤ ጣሪያና በር አይተው ለጠፉ፣ ሄዱ። ዛሬ ነው ጉዱ። ዛሬ ከወረዳ መጥተዋል። እዚያ ዋርካው ሥር ተሰብስበዋል፤ ሦስት ተናጋሪ አለ፣ ሦስቴ ተጨብጭቦ ሲያበቃ በየቤቱ ይዞራሉ። ዘንድሮ ጣሪያ አያዩም አሉ። በባትሪ ጉድጓዱ ውስጥ አብርተው ነው የሚያዩት።

ደባልቄ፦ ሰው ተጠቅሞበት እንደሆነ።

የውብዳር፦ ሰው ተጠቅሞበት እንደሆነ! እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ የቀረሁት ጤፉን ላወጣ ነው። ጤፉ ይወጣል፤ ጉድጓዱ ግን ሸረሪት ድር አድርቶበታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ «በእኔ ቡድን ሜዳ የሚወጣ የለም» ስል ኖሬ፣ ዛሬ ያቺን ድር በባትሪ ሲያዩብኝ የት እገባለሁ? አፈርኩ ደባልቄ። ገና ሳይመጡ አፈርኩ።

ደባልቄ፦ አይዞዎት እትዬ። እኔም ዋሽቼ ነው እዚህ የቆምኩት። ምን ያዩታል ሳጥኑን?

የውብዳር፦ ስንት ይይዛል አልከኝ?

ደባልቄ፦ አላልኩም። ሃያ ሊትር።

የውብዳር፦ አፍ እስከ ገደፉ?

ደባልቄ፦ አዋዜው ይመስገን፣ አፍ እስከ ገደፉ። ምነው? በሩ አይከፈትም አላሉም?

የውብዳር፦ ማን አለ? እንግዳ ደጄ ላይ ቆሞ እኔ በር ልዘጋ?

ደባልቄ፦ ኧረ ይቅር። የሌላ ሰው በሻንጣ ይዞ የሚለምን ዛሬ ገና አየሁ ብለውኝ እኮ ልቤ ተሰብሯል።

የውብዳር፦ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እርሳው።

ደባልቄ፦ ሲቸግርስ ጤፍ ብድር ነበር የሚባል።

የውብዳር፦ ጤፍማ ሞልቶኛል! የቸገረኝ ያ ነው፣ የያዝከው። በሞቴ ደባልቄ፣ ስጠኝ።

ደባልቄ፦ በሉ ይክፈቱ። ሙሉውን ጨምሬልዎት ልሂድ።

የውብዳር፦ ሙሉውን? ሙሉውንማ አይሆንም። ለስድስት ነው የምናካፍለው።

ደባልቄ፦ ለስድስት ምን?

የውብዳር፦ ለስድስት ቤት። አንድ ለአምስት ነው የተደራጀነው፤ እኔ መሪ፣ እነሱ አምስት። የአምስቱም ሽንት ቤት እንደኔው ተዘግቶ የተቀመጠ ነው።

ደባልቄ፦ አምስቱም?

የውብዳር፦ ታዲያ? እኔን አይተው ነዋ። አርአያ አይደለሁ?

ደባልቄ፦ ከራስ በላይ ነፋስ እትዬ። መጀመሪያ የእርስዎን እናድርግ።

የውብዳር፦ መሪ መጨረሻ ነው የሚጎርሰው።

ደባልቄ፦ እባክዎ፣ መጉረስ አይበሉ።

የውብዳር፦ ቆይ፣ ያቺን ጣሳ ላምጣ። ለየቤቱ ሦስት ሦስት ብንሰፍር ይዳረሳል።

ደባልቄ፦ ይህ የጤፍ መስፈሪያ አይደለም?

የውብዳር፦ ነበር። ሳብ! የአትጠገብ ግቢ ይኸው ነው፤ ሁሉም ስብሰባ ናቸው። በሽቦ ነው የታሰረው፣ ፍታው።

ደባልቄ፦ እትዬ፣ እዚህ ውስጥ አርባ ወንበር ተደርድሯል።

የውብዳር፦ የዕድሩ ነው። አትጠገብ ንብረት ክፍል ናት። ወደ ጎን ግፋና ጨምር።

ደባልቄ፦ አንድ... ሁለት...

የውብዳር፦ ቁም! ቁም! ምንድን ነው ይኼ? ሰማያዊ ነው እኮ!

ደባልቄ፦ መድኃኒቱ ነው።

የውብዳር፦ የፈረንጅ እንዲህ ነው እንዴ?

ደባልቄ፦ አይደለም! ሽታ እንዳይኖረው ሳጥኑ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት አለ፤ ቀለሙ የሱ ነው።

የውብዳር፦ ይሸታል ግን። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ኧረ ጉድ ፈላ! የወረዳው ሰው ጎንበስ ሲል ሰማያዊ አይቶ፣ ሽቶ አሽትቶ ቀና ሲል አትጠገብን ምን ይላታል? «ምን በልተሽ ነው?» ይላታል።

ደባልቄ፦ ከጨረሳችሁ በኋላ ምን አድርጉ ነው ትምህርቱ የሚለው?

የውብዳር፦ አመድ ነስንሱ።

ደባልቄ፦ ታዲያ?

የውብዳር፦ አመድ! አንተዬ፣ አእምሮ አለህ። ከምድጃው ሥር እፍኝ ላምጣ። ይኸው... ይኸው... አየህ? ሰማያዊው ጠፋ። አሁን ምን ይመስላል?

ደባልቄ፦ ጠንቃቃ ቤተሰብ የኖረበት።

የውብዳር፦ እነሱ ሲያጨበጭቡ ሰማህ? የመጀመሪያው ተናጋሪ አበቃ። ሳብ፣ ሳብ! ወደ እንየው ቤት።

ደባልቄ፦ ቀስ እንበል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይህን ደግሞ ማን ይለቅመዋል? ውሻ አለ እንዴ እዚህ?

የውብዳር፦ ነበረ። ሳጥንህን ሲያሸት አጥሩን ዘሎ ሄደ።

ደባልቄ፦ የእንየው ደግሞ ሞፈርና ቀንበር ነው የሞላው።

የውብዳር፦ ሞፈሩን አውጥተህ ግድግዳው ላይ አስደግፍ። ሦስት ጣሳ። አመድ። በቃ፣ ዝጋ። እነ ስመኝንና እነ ቢተውን በዚህ በጓሮ እንለፍ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

ደባልቄ፦ ይህን ያለው ሰው ለዚህ አልነበረም ያለው።

የውብዳር፦ ዝም ብለህ ቅዳ። ...እሱ የስመኝ፤ በቃ። ይህ ደግሞ የቢተው፤ ቀፎውን እንዳትነካ፣ ንብ አለበት።

ደባልቄ፦ ንብ?! ለምን ቀድመው...

የውብዳር፦ ዝም ካልካቸው ዝም ይሉሃል። ሦስት፣ አበቃ። ሩጥ! የቀረን ጥጋቤ ነው።

ደባልቄ፦ ነደፈችኝ!

የውብዳር፦ የት?

ደባልቄ፦ አይነገርም። በሉ የጥጋቤን ይዩ፤ ባዶ ነው፣ ምንም የለበት።

የውብዳር፦ ጥጋቤ የሚያስቀምጠው ስለሌለው ነው። ሦስት አድርግለት። ...ጨምርለት አንድ። ...ኧረ ጨምርለት! ስምንት ልጅ ያለው ሰው በአራት ጣሳ ማን ያምንለታል? ዘንበል አድርገው በደንብ!

ደባልቄ፦ ኧረ እትዬ፣ ይኸው ወረደ...

የውብዳር፦ እንደሱ! አሁን ስምንት ልጅ መሰለ። ሁለተኛውን አጨበጨቡ። ወደ ቤት! ጤፉን አንተ ታወጣልኛለህ፣ ዶሮዋን እኔ ከነ እንቁላሏ በሰፌድ አወጣታለሁ።

ደባልቄ፦ ይህ ጆንያ ምን ያህል ይመዝናል? ወገቤ!

የውብዳር፦ ማኛ ነው፣ ማኛ ይከብዳል። አውጣ። እሱንም። ሦስተኛውንም። ጎሽ! በል አሁን የኔን ስጠኝ። ሦስት ጣሳ፣ ሞላ አድርገህ። ምን ትነቀንቀዋለህ?

ደባልቄ፦ እትዬ።

የውብዳር፦ ምን ሆንክ?

ደባልቄ፦ አልቋል።

የውብዳር፦ ምኑ ነው ያለቀው?

ደባልቄ፦ ሁሉም። ለጥጋቤ ጨምር ሲሉኝ ያ የእርስዎ ድርሻ ነበር።

የውብዳር፦ አንጠፍጥፈው!

ደባልቄ፦ አንጠፈጠፍኩት። አንዲት ሰማያዊ ጠብታ ናት፤ እሷም ሳሙና ነች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

የውብዳር፦ ተረትህን ተወኝ! ሄደህ ፈረንጆቹን አምጣልኝ፤ አዋዜ አለኝ።

ደባልቄ፦ ጫካ ናቸው እኮ። ስድስት ሰዓት ነው የሚመጡት።

የውብዳር፦ እንግዲያው አንተስ?

ደባልቄ፦ እኔ ምን?

የውብዳር፦ ግባ።

ደባልቄ፦ እትዬ! ጠዋት ከመነሣቴ በፊት... ሹፌር ሰው እኮ ሳይነዳ በፊት ነው። ደግሞ በትእዛዝ አይሆንም። ደግሞ ተነድፌያለሁ።

የውብዳር፦ ወይ አበሳዬ! አምስቱ አለፉ፣ መሪዋ ወደቀች። እንየው ሲስቅ ይታየኛል።

ደባልቄ፦ እትዬ፣ አንድ እውነት ይንገሩኝ። አምስቱ የዘጉት እርስዎን አይተው ነው። እርስዎ ማንን አይተው ዘጉ? የጤፉን ነገር አይንገሩኝ፤ ጤፍ ጎተራ አለው።

የውብዳር፦ ...ይርዳው ነው የቆፈረው። ባለቤቴ።

ደባልቄ፦ የት ናቸው?

የውብዳር፦ ሞተ። በጋውን ሙሉ ቆፈረ፣ ብቻውን። «መንደር የምታስተምር ሴት ቁልቋል ሥር ተደብቃ አትቀመጥም» አለኝ። ቆርቆሮውን ለቤታችን ነበር የገዛነው፤ እዚህ መታው። በሩን ገጠመ፣ ቁልፉን በእጄ አስጨበጠኝ። በሳምንቱ ተኛ፣ አልተነሣም።

ደባልቄ፦ ነፍስ ይማር።

የውብዳር፦ ከዚያ እንዴት ብዬ? እጁ ያረፈበት መጨረሻው ይህ ነው። በየሰንበቱ ከፍቼ ወለሉን እጠርጋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ሰው ቢያውቅ ይስቅብኛል፤ ሽንት ቤት ፊት ቆሜ አለቅሳለሁ። ጤፉን ያስገባሁት እንኳ ለመክፈት ምክንያት እንዲሆነኝ ነው።

ደባልቄ፦ አልስቅም እትዬ።

የውብዳር፦ ሳቅ፣ እኔም ይስቀኛል።

ደባልቄ፦ እኔ ይርዳውን አላውቃቸውም። ግን በጋውን ሙሉ ድንጋይ ሲፈነቅሉ የከረሙት ለጤፍ አይመስለኝም፤ ለዶሮም አይደለም። እርስዎ በየማለዳው በጤዛ ቁልቋል ሥር ሲሄዱ እያዩ አዝነው ነው። አሁን ቢያዩ፣ ያ መንገድ አስፋልት ሆኖ ይህኛው ሣር በቅሎበት፣ ደስ ይላቸዋል?

የውብዳር፦ ይቆጣ ነበር። ተቆጪ ነው።

ደባልቄ፦ ይቆጡ ነበራ።

የውብዳር፦ «ወገቤን ያጎበጥኩት ዶሮ ላስታቅፍ ነው ወይ?» ይል ነበር።

ደባልቄ፦ አጨበጨቡ እትዬ። ሦስተኛው ነው።

የውብዳር፦ እያየኋቸው ነው። በአትጠገብ በኩል ጀመሩ። ባትሪ ይዟል፣ ያ ባለ ኮፍያው... ጎንበስ አለ... ቀና አለ... ጻፈ። እሰይ! ጻፈ!

ደባልቄ፦ አለፈች ማለት ነው። ወደ እንየው ሊሄዱ ነው። ምን ይሻላል? ውሃ ልድፋበት? አመድ ብቻ እንነስንስ?

የውብዳር፦ ምንም አትድፋ። ጆጉን አምጣልኝ።

ደባልቄ፦ የቱን ጆግ?

የውብዳር፦ አረንጓዴውን! ቶሎ በል፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜ ካንተ ጋር ስጨቃጨቅ እኔም ሰው ነኝ እኮ።

ደባልቄ፦ ይኸው። እና እኔ ምን ላድርግ?

የውብዳር፦ ጀርባህን አዙረህ በሩ ላይ ቁም። መጥተው ሲያንኳኩ «ሰው አለ» በላቸው።